የበረዶ ሽፋንን መለካትና በሞዴል ማስላት፦ ከመስክ ቱቦ እስከ ወንዝ ትንበያ

ትናንት ሌሊት 60 ሴንቲ ሜትር አዲስ በረዶ ወረደ እንበል። በሳምንቱ ሄዳችሁ ስትለኩት 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ አገኛችሁት። በመሃል ብርዱ አልቀነሰም፣ ነፋስ አልነበረም፣ አንዲት ጠብታም አልቀለጠችም። ታዲያ ግማሹ የት ገባ? የትም አልሄደም። በራሱ ክብደት ተጠቅጥቆ ነው። መጀመሪያ አንድ ሜትር ኩብ በረዶ 100 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ አሁን 200 ኪሎ ይመዝናል። በየትኛውም ቀን ቢቀልጥ የሚሰጠው ውሃ ያው 60 ሚሊ ሜትር ነው።

በዚህ ሥራ ከሁሉም በፊት ልብ ማለት ያለባችሁ ይህንን ነው። ጥልቀት ለዓይን ይታያል፣ ለመለካትም ይቀላል። ወንዙን የሚሞላው ግን ክብደቱ ነው። ሳተላይትም ተጠቀማችሁ ሞዴል፣ የሆነ ቦታ ላይ አንድ ሰው ወይም አንድ መሣሪያ በረዶውን መመዘን አለበት። ያ ካልሆነ የቀረው ሁሉ ግምት ነው።

ሦስት ቁጥሮችን ለይታችሁ ያዙ። አንዱ ጥልቀት ነው። ሁለተኛው እፍግታ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ በረዶ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ሦስተኛውን እዚህ የውሃ ልክ እንበለው፦ በረዶው እንዳለ ቢቀልጥ መሬቱ ላይ የሚቆመው ውሃ ከፍታ። ጥልቀቱን በእፍግታው አባዝታችሁ በውሃ እፍግታ፣ ማለትም በ1,000 ስታካፍሉ የውሃ ልኩ ይወጣል። አዲስ ደረቅ በረዶ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ኪሎ በሜትር ኩብ ነው። የሰነበተው ከ200 እስከ 300 ይደርሳል። ሊቀልጥ የደረሰ የፀደይ በረዶ 400 ወይም 500 ይሆናል። ከዚህ ክልል በጣም የራቀ ቁጥር ካገኛችሁ ሚዛኑን ወይም ቱቦውን ጠርጥሩ።

መጀመሪያ፦ ለማን እንደምትለኩ ወስኑ

ለግድብ ኃላፊ የሚያስፈልገው በክረምቱ መጨረሻ ተፋሰሱ ላይ የተከማቸው አጠቃላይ ውሃ ነው። ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት ምን ያህሉ እንደሚቀልጥ ነው። ለአየር ሁኔታ ትንበያ ደግሞ ዛሬ ጠዋት መሬቱ በበረዶ ተሸፍኗል ወይስ አልተሸፈነም የሚለው ከውሃ ልኩ ይበልጣል። ሦስቱ የተለያየ መሣሪያና የተለያየ የልኬት ድግግሞሽ ይፈልጋሉ። ይህን ሳይለዩ መሣሪያ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

የመለኪያ ቦታ መምረጥ

ነፋስ በረዶን እንደ አሸዋ ይነዳል። ከሸንተረሩ ጠርጎ ጎድጓዳው ላይ ይከምራል። ስለዚህ ሸንተረር ላይ ከለካችሁ ታሳንሳላችሁ፣ ጎድጓዳ ውስጥ ከለካችሁ ታበዛላችሁ። ጥሩ ቦታ ማለት ከነፋስ የተከለለ፣ ሜዳማ ወይም ትንሽ ያዘነበለ፣ ውሃ የማይተኛበት ክፍት ሥፍራ ነው። በጫካ መካከል ያለ ገላጣ ቦታ ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ዛፎቹ ግን ራቅ ማለት አለባቸው፤ ቅርንጫፍ በረዶ ይይዛል፣ ቆይቶም ያራግፋል።

አንድ ቦታ አንዴ ከተመረጠ በየዓመቱ በትክክል እዚያው ለኩ። ምልክት ትከሉ፣ ፎቶ አንሡ፣ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ መዝግቡ። የረጅም ዓመታት መዝገብ ያለው ተራ ቦታ፣ መዝገብ ከሌለው ግሩም ቦታ ይበልጣል። ከፍታውንም አስቡ፦ ጣቢያዎቻችሁ ሁሉ ሸለቆ ውስጥ ከሆኑ ላይኛው ተራራ ላይ ስላለው ውሃ ምንም አታውቁም።

አንድ ነገር እዚህ መባል አለበት። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ተዳፋት በረዶ የሚናድበት ተዳፋት ነው። ለአንድ ልኬት ሲባል እዚያ አይገባም። ብቻችሁንም አትውጡ።

በእጅ መለካት

የበረዶ መመዘኛ ቱቦ ታሪኩ ደስ ይላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የላቲንና የግሪክ መምህር የነበረው ጄምስ ቸርች፣ ማውንት ሮዝ ተራራ ላይ እየወጣ በረዶ ይመዝን ነበር። የታሆ ሐይቅ በፀደይ ምን ያህል ከፍ እንደሚል አስቀድሞ ማወቅ ፈልጎ ነው። እሱ የሠራው ባለጥርስ ቱቦና ሚዛን፣ ብዙም ሳይለወጥ፣ ዛሬም በምዕራብ አሜሪካ በሥራ ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባዶውን ቱቦ መዝኑና ጻፉ። ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ በረዶው ውስጥ አስገቡ፤ የጠጠረ ንብርብር ሲያጋጥም እያዞራችሁ ቁረጡት። መሬት እስኪነካ ድረስ አትቁሙ። ጥልቀቱን ከቱቦው ላይ አንብቡ። ከዚያ ትንሽ አፈር እስኪይዝ ድረስ ገፋ አድርጉት፤ አፈሩ እንደ ቡሽ ሆኖ በረዶው ከሥር እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፣ መሬት መድረሳችሁንም ያረጋግጣል። አውጡት፣ አፈሩን በቢላ ጥረጉ፣ የአፈሩን ውፍረት ከጥልቀቱ ቀንሱ፣ ከነበረዶው መዝኑ።

በቁጥር እንየው። የቱቦው የውስጥ ስፋት፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። የአፉ ስፋት 19.6 ሴንቲ ሜትር ካሬ ይሆናል። የበረዶው ጥልቀት 90 ሴንቲ ሜትር፣ የበረዶው ብቻ ክብደት 530 ግራም ወጣ። 530ን ለ19.6 ስናካፍል 27 ይመጣል። የውሃ ልኩ 27 ሴንቲ ሜትር ወይም 270 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። 270ን ለ900 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ስናካፍል 0.30፤ እፍግታው 300 ኪሎ በሜትር ኩብ ነው። ለሰነበተ በረዶ ትክክለኛ የሚመስል ቁጥር ነው።

ይህን ስሌት እዚያው ሜዳ ላይ ሥሩት። ቤት ገብታችሁ 90 ኪሎ ወይም 700 ኪሎ የሚል እፍግታ ብታገኙ ተመልሳችሁ መለካት አትችሉም። ቱቦው ውስጥ ያለው በረዶ ከውጪው ጥልቀት በጣም ካጠረ አፉ ተደፍኖ በረዶውን ወደ ጎን ገፍቶታል፤ ድፉትና እንደገና ውሰዱ። ቱቦው ፀሐይ ሲመታው ሞቆ በረዶው ከግድግዳው ላይ ይጣበቃል። በጥላ ውስጥ ማቆየት ይሻላል።

ከአንድ ናሙና ምንም አይደመደምም። በአንድ መስመር ላይ እኩል ርቀት እየጠበቃችሁ ቢያንስ አሥር ያህል ነጥብ ውሰዱ። ጊዜ ካጠራችሁ ይህን ብልሃት ተጠቀሙ፦ ጥልቀት ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል፣ እፍግታ ግን ያን ያህል አይለያይም። ስለዚህ በቀጭን ዘንግ ብዙ ጥልቀት ለኩ፣ በቱቦ ግን ጥቂት ብቻ መዝኑ። የእፍግታውን አማካይ በጥልቀቱ አማካይ ማባዛት በጣም ጥሩ ውጤት ይሰጣል።

በረዶው የሚቀልጥበት ወቅት ሲቃረብ ጉድጓድ መቆፈር አለባችሁ። እስከ መሬት ቆፍሩ፤ የምትለኩት ግድግዳ ፀሐይ የማያገኘው ይሁን። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቴርሞሜትር አስገቡ፣ መጠኑ በታወቀ መቁረጫ ናሙና እያወጣችሁ መዝኑ። ከላይ እስከ ታች ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ ከሆነ በረዶው በስሏል፤ ከዚህ በኋላ የሚገባው ሙቀት ሁሉ ውሃ ያወጣል። መሃሉ ላይ ገና 5 ዲግሪ ከዜሮ በታች ከሆነ ግን ጊዜ አላችሁ። ይህ ለጎርፍ ትንበያ ከየትኛውም ሳተላይት የማይገኝ መረጃ ነው።

በረዶ ከሌለ ደግሞ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ። ባዶ መስመር «አልተለካም» ማለት ነው፤ ዜሮ ግን ትልቅ ወሬ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2015 በካሊፎርኒያ የበረዶው የውሃ ልክ ከመደበኛው 5 በመቶ ብቻ ነበር። ገዥው ጄሪ ብራውን በሌላ ጊዜ በረዶ በሚለካበት ሜዳ ላይ፣ በደረቅ ሣር ላይ ቆሞ፣ የከተሞች የውሃ ፍጆታ በ25 በመቶ እንዲቀንስ አዘዘ።

ሰው በማይደርስበት፦ ራሱን የቻለ ጣቢያ

በጣም የተለመዱት መሣሪያዎች ሁለት ናቸው። የበረዶ ትራስ የሚባለው አንቲፍሪዝ (በብርድ የማይረጋ ፈሳሽ) የተሞላ ጠፍጣፋ ከረጢት ነው። በረዶው ሲጫነው የፈሳሹ ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱ በቀጥታ የውሃ ልክን ይሰጣል። በምዕራብ አሜሪካ ስኖቴል የሚባለው መረብ ከ900 በላይ ጣቢያዎች አሉት፤ ዋና መሣሪያውም ይኸው ትራስ ነው። ችግሩ አንዳንዴ የጠጠረ ንብርብር ትራሱ ላይ እንደ ድልድይ ተዘርግቶ ክብደቱን ወደ ጎን ማስተላለፉ ነው። ያኔ ንባቡ ለቀናት ይቆምና በድንገት ይዘላል። እንዲህ ያለ መስመር በግራፍ ላይ ስታዩ ትልቅ በረዶ ወረደ ብላችሁ አትቸኩሉ።

ሁለተኛው በምሰሶ ላይ ሆኖ ወደታች ድምፅ የሚልክ የጥልቀት ሴንሰር ነው። ድምፁ በረዶውን ነክቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይቆጥራል። የድምፅ ፍጥነት ግን ከአየሩ ሙቀት ጋር ይለዋወጣል። በ3 ሜትር ርቀት ላይ የ10 ዲግሪ ልዩነት ብቻ ንባቡን በ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያዛባል። ስለዚህ ከጎኑ በጥላ የተከለለ ቴርሞሜትር የግድ ነው፤ ማስተካከያው መሠራቱንም አረጋግጡ። በበጋ ሣር አድጎ «የ20 ሴንቲ ሜትር በረዶ» ሲያሳያችሁ አትገረሙ። ሣሩን እጨዱት።

ተራ ዝናብ መለኪያ በረዶ ሲጥል ብዙ ያመልጠዋል። ነፋሱ ቀላሉን በረዶ ከአፉ በላይ አሳልፎ ይወስደዋል፣ ነፋስ በበረታ ቁጥርም ጉድለቱ ይብሳል። የነፋስ መከለያ ግጠሙለት፣ የነፋሱን ፍጥነት ለኩ፣ ማስተካከያ አድርጉ። ያልተስተካከለ የበረዶ ቁጥር ወደ ሞዴል ማስገባት ክረምቱን ሙሉ የሚከተላችሁ ስህተት ነው።

ከላይ ማየት፦ ሳተላይትና አውሮፕላን

ሳተላይት በረዶን ከደመና የሚለየው በአንድ ጠባይ ነው። ሁለቱም ለዓይን ነጭ ናቸው። ዓይን በማያየው፣ አጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ በሚባለው ብርሃን ግን በረዶ ጥቁር ማለት ይቻላል፣ አብዛኛው ደመና ደግሞ ብሩህ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከአረንጓዴው ብርሃን ነጸብራቅ የኢንፍራሬዱን ቀንሱ፣ በሁለቱ ድምር አካፍሉ። በረዶ ላይ 0.8 እና 0.1 ብታገኙ ውጤቱ 0.78 ነው። ደመና ላይ 0.7 እና 0.5 ከሆነ 0.17 ብቻ ይወጣል። ለረጅም ጊዜ የተለመደው መለያ 0.4 ነው። ጫካ ውስጥ ግን ዛፎቹ ስለሚሸፍኑት ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ እዚያ 0.4ን የሙጥኝ ማለት በረዶ ያስጠፋል።

ሞዲስ የሚባለው የሳተላይት መሣሪያ አንዱ ነጥብ 500 ሜትር በሆነ ምስል በየቀኑ ያያል። ላንድሳት የሚባሉት ሳተላይቶች በ30 ሜትር፣ ሴንቲኔል-2 የሚባሉት ከዚያ በጠራ ሁኔታ ያያሉ፤ ግን በየቀኑ አይመለሱም። ሁሉም ደመና ካለ ከሥር ያለውን አያዩም። እና ሁሉም የሚነግሯችሁ በረዶ የት እንዳለ እንጂ ስንት እንደሆነ አይደለም።

ማይክሮዌቭ የሚባለው ጨረር በደመና ውስጥ ያልፋል፣ ሌሊትም ይሠራል። በእሱ የሚያይ ሳተላይት ከመሬት የሚወጣውን ጨረር በ19 እና በ37 ጊጋኸርዝ አካባቢ አነጻጽሮ የውሃ ልክን ይገምታል። ነገር ግን አንዱ ነጥብ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፣ የውሃ ልኩ 150 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ መለየት ያቅተዋል፣ በረዶው ከራሰ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ለሰፊ ሜዳማ አገር ይጠቅማል። ለተራራ አልመክረውም።

አቅም ካለ ለተራራ ምርጡ ላይዳር ነው። አውሮፕላን በበጋ ባዶውን መሬት፣ በክረምት በረዶውን በሌዘር ይለካል፤ ልዩነቱ ጥልቀት ነው። ናሳ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የቱዎለሚ ተፋሰስ ላይ የሠራው ሥራ ይህን መንገድ አሳይቷል። እፍግታውን ግን አሁንም ከመሬት ልኬትና ከሞዴል ማምጣት ያስፈልጋል። ሌዘር አይመዝንም።

ሞዴሉን መሥራት

በቀላሉ ጀምሩ። ተፋሰሱን በ200 ወይም በ300 ሜትር ከፍታ ልዩነት ወደ ቀበቶዎች ክፈሉ። የአየሩ ሙቀት በ100 ሜትር ከፍታ በአማካይ 0.65 ዲግሪ ይቀንሳል ብላችሁ ተነሡ፤ በኋላ በራሳችሁ ጣቢያዎች አስተካክሉት። 2,000 ሜትር ላይ ያለው ጣቢያ 2 ዲግሪ ካሳየ፣ 2,600 ሜትር ላይ ከዜሮ በታች 1.9 ነው። ጣቢያው ላይ ዝናብ ሲዘንብ ላይኛው ቀበቶ በረዶ ይከምራል ማለት ነው። የዝናብና የበረዶ መለያውን 1 ዲግሪ አካባቢ አድርጋችሁ ጀምሩ። አየሩ ደረቅ ከሆነ በረዶ ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀትም ይወርዳል።

ማቅለጡን በዲግሪ-ቀን ዘዴ አስሉ፦ የቀኑ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በላይ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ይወሰድና በማቅለጫ ቁጥሩ ይባዛል። ማቅለጫ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በዲግሪ በቀን ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ይጨምራል። 4 ዲግሪ በሆነ ቀን፣ ቁጥሩ 4 ቢሆን፣ 16 ሚሊ ሜትር ይቀልጣል። በረዶው 20 ኪሎ ሜትር ካሬ ከሸፈነ 320,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ በቀን ሲካፈል 3.7 ሜትር ኩብ በሰከንድ። የሸፈነውን ስፋት የምታገኙት ከሳተላይት ነው። ሁለቱ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ጀማሪ ሞዴል የሚሳሳትበት ቦታ የመጀመሪያው የማቅለጫ ሳምንት ነው። በረዶው ከመቅለጡ በፊት እስከ ዜሮ መሞቅ አለበት። ያ 270 ሚሊ ሜትር የውሃ ልክ ያለው በረዶ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ላይ ቢሆን፣ ለማሞቅ ብቻ በካሬ ሜትር 2,835 ኪሎ ጁል ይፈልጋል። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ስለሚያስፈልግ ይህ 8.5 ሚሊ ሜትር ከማቅለጥ ጋር እኩል ነው። ከዚያም የመጀመሪያው ውሃ አይወጣም፤ በረዶው በውስጡ ጥቂት በመቶ ያህል ይይዘዋል። ሁለቱን ሒሳብ ካላስገባችሁ ወንዙ ከመሙላቱ ከቀናት በፊት ጎርፍ ትጠራላችሁ። ኤሪክ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ስኖው-17 ሞዴል ሁለቱንም ይይዛል፤ በአሜሪካ የወንዝ ትንበያ ማዕከላት ዛሬም የሚሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ሙቀት ብቻ የማይበቃበት ጊዜ አለ። በክፍት ተራራ ላይ ዋናው አቅላጭ ፀሐይ ነው። በቀን አማካይ 250 ዋት በካሬ ሜትር ጨረር ቢመጣ፣ 85 በመቶውን የሚመልስ አዲስ በረዶ የያዘው ጉልበት 9.7 ሚሊ ሜትር ያቀልጣል። 55 በመቶ ብቻ የሚመልስ ያረጀ ቆሻሻ በረዶ ግን 29 ሚሊ ሜትር። ሦስት እጥፍ ነው፣ የአየሩ ሙቀት ሳይለወጥ። በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ከበረሃ የሚነሣ አቧራ በረዶውን በሳምንታት ቀድሞ እንዲያልቅ ያደርጋል። አቧራ ባለበት፣ ወይም በበረዶ ላይ ሞቃት ዝናብና ነፋስ በሚመጣበት አገር የኃይል ሚዛን ሞዴል፣ ማለትም ወደ በረዶው የሚገባውንና የሚወጣውን ሙቀት ሁሉ የሚደምር ሞዴል፣ ያስፈልጋችኋል። የፈረንሳዩ ክሮኩስና የስዊዘርላንዱ ስኖውፓክ በረዶውን ንብርብር በንብርብር ያሰላሉ። ግን ጨረር፣ እርጥበትና ነፋስ ይጠይቃሉ። እነዚህን በደንብ ካልለካችሁ ቀላሉ ሞዴል ሊበልጥ ይችላል።

ሞዴሉን ስትፈትሹ በወንዙ ፍሰት ብቻ አትፍረዱ። በረዶው የበዛበት ቀን ላይ የውሃ ልኩ ተገጣጠመ ወይ? በረዶው ያለቀበት ቀንስ? ፍሰቱ በአጋጣሚ ሊገጥም ይችላል፤ ብዙ በረዶ በቀርፋፋ ማቅለጥ ተሸፍኖ። ቁጥሮቹን ያስተካከላችሁባቸውን ዓመታትና የፈተናችሁባቸውን ዓመታት ለዩ።

ልኬቱን ከሞዴሉ ጋር ማስታረቅ

ሞዴሉ 300 ሚሊ ሜትር ይላል፣ ስህተቱ 60 ያህል ነው። ልኬቱ 250 ይላል፣ ስህተቱ 30 ነው። የትኛውን ታምናላችሁ? ሁለቱንም፣ በየልካቸው። 60ን በራሱ አባዙ፦ 3,600። 30ን በራሱ፦ 900። 3,600ን ለድምሩ ለ4,500 አካፍሉ፦ 0.8። የ50 ሚሊ ሜትሩን ልዩነት 0.8 ጊዜ ወደ ልኬቱ ተጠጉ። አዲሱ ግምት 260 ሚሊ ሜትር ነው። ካልማን ፊልተር የሚባለው ትልቅ ስም ያለው ዘዴ ሥሩ ይህ ነው። የልኬቱን ስህተት ስትገምቱ ግን አንድ ነጥብ አንድን ሰፊ ቀበቶ እንደማይወክል አስታውሱ፤ የመሣሪያው ስህተት 5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብቻ 5 ብላችሁ አትጻፉ።

ሳተላይቱ ባዶ መሬት እያየ ሞዴሉ 10 ሚሊ ሜትር ካለ አጥፉት። 200 ካለ ግን ቆም በሉ፤ ጫካ ወይም የተሳሳተ ምስል ሊሆን ይችላል።

ወደ ትንበያ

ለወንዝ፣ ሞዴሉን ከዛሬው በረዶ አስነሡና ያለፉትን ዓመታት የአየር ጠባይ አንድ በአንድ ስጡት። የ30 ዓመት መዝገብ ካላችሁ 30 የፍሰት መስመር ይወጣል። ለውሃ ተጠቃሚው አንድ ቁጥር አትስጡ፤ መካከለኛውን፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ስጡ። በረዶው ከበዛበት ቀን በኋላ የመስመሮቹ ስፋት መጥበብ ይጀምራል፤ አብዛኛው ውሃ መሬት ላይ ተቀምጧልና።

ለአየር ሁኔታ፣ በረዶ ሁለት ነገር ይሠራል፦ ፀሐይን ይመልሳል፣ መሬቱ የያዘውን ሙቀት ከአየሩ ይለያል። ሞዴሉ በሌለ በረዶ ላይ ቢተነብይ ቀኑን ከሚገባው በላይ ያቀዘቅዛል። የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ የነበረውን የበረዶ ንብርብር ወደ ብዙ የቀየረው ላዩ በሌሊት ቶሎ መቀዝቀዙን በትክክል ለመያዝ ነው። ከጣቢያችሁ የዕለቱን ጥልቀት ጠዋት በሰዓቱ ላኩ፤ ለዚህ ሥራ ዘግይቶ የደረሰ ትክክለኛ ቁጥር እምብዛም አይረዳም።

በረዶው ካለቀ በኋላ መዝገቡን ከትንበያው ጎን አስቀምጡ። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለዩ፦ ከልኬቱ፣ ከማቅለጫ ቁጥሩ፣ ወይስ ከሚቀጥለው ወር የአየር ጠባይ? የመጨረሻው ከሆነ ሞዴሉን አትንኩ። የማቅለጫ ቁጥሩ ከሆነም በአንድ ዓመት ብቻ ተነሥታችሁ አትቀይሩት፤ ስህተቱ በበርካታ ዓመታት ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ነው ማስተካከል ያለባችሁ። ጣቢያው ላይ ያለውን ሣር፣ የትራሱን ፈሳሽና የሚዛኑን ዜሮ ደግሞ አዲሱ በረዶ ከመውረዱ በፊት ፈትሹ።